የጓሮ ጉድጓድ ውሃን ማስመርመርና ማከም፦ ከየት ይጀመራል?

በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው ጥርት ብሎ ስለታየ፣ ሲጠጡትም ስለጣፈጠ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ የሚያመጡ ተሕዋስያን ውሃ አያደፈርሱም። ፍሎራይድና ናይትሬትም ቀለም ሆነ ሽታ የላቸውም። ማስመርመር የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡ የሚባክነው ግን በቅደም ተከተሉ ስህተት ነው። ክዳን የሌለው፣ ዙሪያው የተሰነጠቀ ጉድጓድ ውሃ ላብራቶሪ ቢወሰድ "ተበክሏል" የሚል ወረቀት ይዞ ከመመለስ በቀር የሚገኝ አዲስ ነገር የለም፤ ችግሩ በዓይን የሚታይ ነበር። በረኪና ጨምሮ መተውም አያዛልቅም። ክሎሪኑ በጥቂት ቀናት ያልቃል፣ ቆሻሻው የሚገባበት ስንጥቅ ግን እንደተከፈተ ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ የኬሚካል ምርመራ፣ ቀጥሎ የጉድጓዱን አፍና ዙሪያ ማየትና መጠገን፣ ከዚያ በክሎሪን ማጠብ፣ የባክቴሪያ ምርመራው በመጨረሻ።

ይህ መመሪያ ጥልቀት ለሌለው፣ በባልዲ፣ በሮፕ ፓምፕ (በገመድ ውሃ በሚስብ ፓምፕ) ወይም እንደ አፍሪዴቭ ባለ የእጅ ፓምፕ ለሚቀዳ የግል ጉድጓድ የተዘጋጀ ነው።

ከሲሚንቶው በፊት ኬሚካሉ

የኬሚካል ምርመራ የሚቀድመው ኬሚካል በጥገናም በክሎሪንም ስለማይወገድ ነው። ለክዳንና ለአርማታ ገንዘብ ካፈሰሱ በኋላ ውሃው ለመጠጥ እንደማይሆን ከማወቅ፣ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሐዋሳ ዙሪያ ዋናው ጥያቄ ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይዱ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ እየሟሟ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይላል። ልጆች ከዚህ በላይ ያለውን ሲጠጡ ካደጉ ጥርሳቸው ላይ ነጭ፣ ሲብስም ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። መጠኑ በጣም ከፍ ሲልና ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ስለዚህ ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆችን ጥርስ ተመልከቱ። ካደጉ በኋላ ወደ አካባቢው የመጡ ሰዎች ጥርስ ምንም አይነግራችሁም፤ ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት በሚሠራበት ዕድሜ ነው። የጎረቤት ውጤትም የእናንተ ውጤት አይደለም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ።

ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ማፍላት ጭራሽ ያብሰዋል፦ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። ውጤቱ ከልክ በላይ ከሆነ ውሃውን ለልብስና ለቤት ጽዳት አውሉት፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሻይና ለሊጥ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ወይም ተመርምሮ ደህና የሆነ ሌላ ምንጭ ፈልጉ። የአጥንት ከሰል ማጣሪያም ፍሎራይድ ይይዛል፤ ነገር ግን ከሰሉ ሲጠግብ መያዙን ያቆማል፣ መጥገቡም በጣዕም አይታወቅም። ከማጣሪያው የሚወጣውን ውሃ በየጊዜው የሚለካ ከሌለ አትተማመኑበት።

ናይትሬት ከሽንት ቤት፣ ከበረት ፍግና ከማዳበሪያ ይመጣል። ገደቡ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ከስድስት ወር በታች ላሉና በጡጦ ወተት ለሚያድጉ ሕፃናት ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ከንፈርና ጥፍራቸው ይጠቁራል። ይህንንም ማፍላት ያብሰዋል። ናይትሬት ከፍ ካለ ወደ ጉድጓዱ የሚሰርግ ፍሳሽ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

ብረት ለጤና ብዙም አያሰጋም፤ ግን ሰውን ከጉድጓዱ ያባርራል። ሲቀዳ ጥርት ያለው ውሃ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ይቀላል፣ ሻይ ሲፈላበት ይጠቁራል፣ ነጭ ልብስ ያበላሻል። ውሃውን ከጀሪካን ወደ ጀሪካን ከከፍታ ደጋግሞ መገልበጥና አየር ማስገባት፣ አሳድሮ ማስቀረር፣ ከዚያ በጥቅጥቅ ነጠላ ማጥለል ብዙውን ያወጣዋል። ብረት ክሎሪንን እንደሚበላ አትርሱ፤ ማከሙ ከማጥለሉ በኋላ ይሁን።

ናሙናው አንድ ሊትር ይበቃል። ንጹሕ የሃይላንድ ላስቲክ ውሰዱ፤ ዘይት፣ ጋዝ ወይም ለስላሳ መጠጥ የነበረበት አይሁን። በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀበሌውንና የጉድጓዱን ጥልቀት በላዩ ጻፉ። ለፍሎራይድ የመስታወት ጠርሙስ አይሆንም፤ ፍሎራይድ ከመስታወት ጋር ስለሚዋሐድ ውጤቱን ያዛባል። ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ) እና ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ) እንዲለካ ጠይቁ፤ በስምጥ ሸለቆ ከሆነ አርሰኒክም ይጨመር። አርሰኒክ ከ0.01 ሚሊ ግራም በሊትር መብለጥ የለበትም።

የት ይወሰዳል ለሚለው፣ መጀመሪያ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ከዚያ በላይ የክልል የውሃና የጤና ላብራቶሪዎች አሉ፤ ለምሳሌ ባሕር ዳር የአማራ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። ከመጓዛችሁ በፊት ደውላችሁ ከግለሰብ ናሙና ይቀበሉ እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚቀበሉና ጠርሙሱን እነሱ ይሰጡ እንደሆነ አረጋግጡ።

የጉድጓዱን አፍና ዙሪያ ማየት

ሜትር፣ መስታወትና ሁለት ባልዲ ውሃ ያዙ።

መጀመሪያ ርቀት ለኩ። ሽንት ቤት፣ በረትና የፍግ ክምር ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ፣ ከጉድጓዱም በታች በኩል ይሁኑ። ስንጥቅጥቅ ያለ ድንጋያማ መሬት ላይ ግን 30 ሜትርም ዋስትና አይሆንም፤ ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ ሳይጣራ ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ቀጥሎ ክዳኑን ክፈቱና መስታወቱን ይዛችሁ የፀሐይ ብርሃን ወደ ጉድጓዱ መልሱ። እኩለ ቀን አካባቢ ብርሃኑ እስከ ውሃው ይደርሳል። ከላይ ባለው ሦስት ሜትር ግድግዳ ላይ እርጥብ መስመር፣ አረንጓዴ ሽፋን፣ የዛፍ ሥር ወይም የወረደ የጭቃ ዱካ ካያችሁ የላይ ውሃ እየገባ ነው። አሁን ሁለቱን ባልዲ ውሃ በአፉ ዙሪያ ባለው አርማታ ላይ አፍስሱና እንደገና በመስታወቱ ተመልከቱ። ጤነኛ አፍ ውሃውን ወደ ቦዩ ይመራዋል። የታመመው ውሃውን በስንጥቁ ያሰርገውና ከቆይታ በኋላ ግድግዳው ላይ ሲንጠባጠብ ይታያል።

ከተቻለ ይህንኑ ደኅና ዝናብ ሲጥል ድገሙት። ጎርፉ ከየት መጥቶ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ክረምትን የሚያህል መርማሪ የለም።

ባልዲውና ገመዱስ? ገመዱ መሬት ላይ ተጠቅልሎ የሚያድር ከሆነ ዶሮና ከብት የረገጡት ጭቃ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ውሃው ይወርዳል። ብዙ በደንብ የተሠራ ጉድጓድ የሚበከለው በዚህ ነው።

ጥገናው

የላይኛው ሦስት ሜትር ግድግዳ ውሃ የማያሳልፍ መሆን አለበት። የኮንክሪት ቀለበት ከገባበት መጋጠሚያዎቹን አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ በሆነ ቡኬት ድፈኑ። ከቀለበቱ ጀርባ ባዶ ክፍተት ካለ የሸክላ አፈር አርጥባችሁ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ አሸዋና ልቅ አፈር ውሃ ያሳልፋል።

የአፉ ግድግዳ ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ክዳኑ አርማታ ሆኖ የመቅጃው ቀዳዳ ከንፈር ይኑረው፣ መዝጊያውም ከንፈሩን አልፎ እንደ ቆብ ይድፋበት። ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ብቻ ጣል የተደረገበት ቀዳዳ አልተከደነም፤ የዝናብና የእጥበት ውሃ በሥሩ ይገባል።

በዙሪያው የሚደረገው አርማታ ከአፉ ግድግዳ 1.5 ሜትር ይውጣ፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፣ ጠርዙ ላይም እርከን ይኑረው። ቅልቅሉ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ነው። ከላዩ ሊሾ አድርጉለት። ከጠርዙ የሚነሣ ቦይ የፈሰሰውን ውሃ ቢያንስ 6 ሜትር ወስዶ ጎመንና ሙዝ ያጠጣ ወይም የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ ይግባ። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ይሆናል፣ ኩሬው ደግሞ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል።

ዋልካ መሬት ላይ ሁለት ነገር አትዝለሉ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በላዩ የፈሰሰ አርማታ ዓመት ሳይሞላው ይከፈላል። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አንሡና ሰለክት (የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) ውሃ እየረጫችሁና እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፣ አርማታው ውስጥም ፌሮ ወይም የሽቦ መረብ አስገቡ። በሁሉም መሬት ላይ አርማታውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። አብዛኛው ስንጥቅ የሚመጣው ሲሚንቶ በማነሱ ሳይሆን አርማታው ፀሐይ ላይ ቶሎ በመድረቁ ነው።

ወደ ውስጥ መውረድ ካስፈለገ ብቻውን የሚወርድ ሰው አይኑር። ወገቡ በገመድ ይታሰር፣ ከላይም ሊጎትቱት የሚችሉ ሰዎች ይቁሙ። የቤንዚን ወይም የናፍጣ ፓምፕ ወደ ጉድጓዱ ፈጽሞ አይውረድ፣ አፉ ላይም አይነሣ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ ታች ገብቶ ሳይሸት ይገድላል። ሻማ አውርዶ መሞከር የኦክስጅን እጥረትን እንጂ ይህን መርዝ አያሳይም። አንዱ ታች ቢወድቅ ሌላው ተከትሎ ዘሎ አይግባ፤ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሰው የሚያልቀው እንዲህ ነው።

በክሎሪን ማጠብ

ከጥገናው በኋላ ጉድጓዱ በደንብ ይቀዳ፣ ዝቃጩ ይውጣ። ጭቃ ውስጥ የተጨመረ ክሎሪን ጭቃውን ሲያጠቃ ያልቃል። ግድግዳውን ከውሃው በላይ በብሩሽ ፈትጉ፤ ለመፈተጊያ 10 ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል። ውሃው መልሶ ከሞላና ከጠራ በኋላ፦

1. የውሃውን መጠን አስሉ። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራችሁ እስከ ታች አውርዱ፤ የረጠበው ርዝመት የውሃው ጥልቀት ነው። የጉድጓዱን ስፋት (በመሃል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን) በሜትር በራሱ አባዙ፣ በ0.785 አባዙ፣ በጥልቀቱ አባዙ፤ ሜትር ኩብ ይመጣል። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ውሃው 2.5 ሜትር ከሆነ፦ 1.2 × 1.2 × 0.785 × 2.5 = 2.8 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2,800 ሊትር ገደማ።

2. ክሎሪኑን መጥኑ። በ1,000 ሊትር ውሃ ውስጥ ክሎሪኑን 50 ሚሊ ግራም በሊትር ለማድረስ 5 በመቶ በረኪና 1 ሊትር፣ ወይም ከ65 እስከ 70 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት 75 ግራም ያስፈልጋል። ለምሳሌያችን 2.8 ሊትር በረኪና ወይም 210 ግራም ዱቄት ማለት ነው። በረኪናው ሽታ ማሳመሪያ የሌለው፣ ቅርብ ጊዜ የተመረተ ይሁን። በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመ በረኪና ጉልበቱ አልቋል፣ ስሌቱም ከንቱ ይሆናል።

3. ዱቄቱን በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ውስጥ በጥብጡ፤ ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል። የብረት ዕቃ አይሁን። የእጅ ጓንት አድርጉ፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ ሆናችሁ ቁሙ። አሲድም ሆነ ሌላ ማጽጃ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከታች የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ አስቀርታችሁ የጠራውን ብቻ ተጠቀሙ።

4. በግድግዳው ዙሪያ እያዞራችሁ አፍስሱ። ባልዲውንና ገመዱን አስገብታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አማስሉ፤ እነሱም አብረው ይታጠባሉ። ፓምፕ ካለ የክሎሪን ሽታ በአፉ እስኪመጣ ምቱ። ከዚህ በኋላ ማንም ወደ ውስጥ አይውረድ።

5. ዝጉና ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተቻለ 24 ሰዓት ይቆይ። ለቤቱና ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ፣ መቅጃውን ቆልፉ። በማግሥቱ ስትከፍቱ የክሎሪን ሽታ ጨርሶ ከሌለ ውስጡ ገና ቆሻሻ ነው፤ ሥራው ይደገም።

6. ሽታው እስኪጠፋ ቅዱና ድፉ። የሚደፋው ውሃ ወደ ወንዝ፣ ወደ ዓሣ ኩሬ ወይም ችግኝ ላይ አይሂድ።

የባክቴሪያ ናሙና

ክሎሪኑ በጠፋ ማግሥት የሚወሰድ ናሙና የሚያሳየው ክሎሪኑ መሥራቱን እንጂ ጥገናው መሥራቱን አይደለም። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ጠብቁ።

ጠርሙሱ ከላብራቶሪ የተሰጠ የታሸገ ቢሆን ይመረጣል። ቀድሞ ውስጡ የተደረገ ዱቄት ወይም ጠብታ ካለ አታለቅልቁት፤ የቀረውን ክሎሪን ለማጥፋት የተደረገ ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ የክዳኑን ውስጥ አትንኩ፣ መሬት ላይም አታስቀምጡት። ከፓምፕ ከሆነ አፉን በአልኮል ጥረጉና ጥቂት ደቂቃ መትታችሁ ቅዱ። ከክፍት ጉድጓድ ከሆነ ንጹሕ ክብደት ጠርሙሱ ላይ አስራችሁ በንጹሕ ሲባጎ፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ ከውሃው ፊት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ጥቂት አየር ይተውለት። በበረዶ ሣጥን ተይዞ በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ግድ ከሆነ ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ላብራቶሪ ይድረስ። ሙቀት ውስጥ የቆየ ናሙና ላይ ጀርሙ ይባዛል ወይም ይሞታል፤ ሁለቱም ውሸት ነው።

ላብራቶሪ ሩቅ ለሆነበት ቦታ የኤች ቱ ኤስ (የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ) መመርመሪያ ጠርሙስ አለ። ውሃውን እስከ ምልክቱ ሞልቶ በክፍል ሙቀት፣ በጨለማ ቦታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ማቆየት ነው፤ ከጠቆረ የሰገራ ብክለት ይጠረጠራል። በተፈጥሮው የእንቁላል ሽታ ያለው ውሃ ያለ ብክለትም ሊያጠቁረው ይችላል። አለመጥቆሩም ፍጹም ዋስትና አይሰጥም።

አንድ ናሙና ብቻ ከመውሰድ ሦስት ውሰዱ፦ አንዱ በቀጥታ ከጉድጓዱ፣ ሁለተኛው በቤቱ ባልዲ ከተቀዳው፣ ሦስተኛው እቤት ካለው ጀሪካን። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ሁለተኛው ከተበከለ ጥፋቱ ባልዲና ገመዱ ነው። ሁለቱ ንጹሕ ሆነው ሦስተኛው ከተበከለ ጀሪካኑ ወይም መቅጃ ኩባያው ነው። ሦስቱም ከተበከሉ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተመለሱ።

ውጤቱን ማንበብ

ኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚያመለክት ባክቴሪያ) በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት። ከ1 እስከ 10 አነስተኛ ብክለት ነው፤ ውሃው እየታከመ ይጠጣ፣ ምክንያቱም ይፈለግ። ከ11 እስከ 100 ከፍተኛ ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ፍሳሽ በቀጥታ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ እስኪስተካከል ድረስ ከሌላ ቦታ ቅዱ። "ጠቅላላ ኮሊፎርም" (ኢ. ኮላይንም የሚያጠቃልል የባክቴሪያ ቡድን) ብቻ ተገኝቶ ኢ. ኮላይ ዜሮ ከሆነ ብዙ አትደንግጡ፤ በአፈርና በቅጠል ላይ የሚኖሩም ይቆጠራሉ። የላይ ውሃ እየገባ መሆኑን ግን ሊጠቁም ይችላል።

ድፍርስነት ከ5 ኤን ቲ ዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በላይ ከሆነ ክሎሪን በደንብ አይሠራም። ፒኤች ከ8 በላይ ሲሆንም ኃይሉ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጠው።

እቤት ሲደርስ

እ.ኤ.አ. በ2016 በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በተካሄደው የውሃ ጥራት ጥናት፣ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ውሃ ከምንጩ ይልቅ ተበክሎ ተገኝቷል። ጉድጓዱ ቢስተካከልም የቤቱን ውሃ ማከም የምንመክረው ለዚህ ነው።

ውሃ አጋር ወይም አኳታብስ (የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ክሎሪኖች) ካለ በላዩ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ፤ የእንክብሎቹ መጠን ስለሚለያይ በግምት አትሥሩ። በረኪና ብቻ ካለ ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 0.8 ሚሊ ሊትር በመርፌ ስሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ፣ አንቀጥቅጡ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ድፍርስ ከሆነ አስቀርራችሁ አጥልሉትና መጠኑን እጥፍ አድርጉ። ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚቀረው ክሎሪን ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር መሆን አለበት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መለኪያ ካላት በሚቀላው ቀለም ታሳያችኋለች።

ጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ ሽፋን ከያዘ ክሎሪኑ እሱን ሲበላ ያልቃል። ሩብ ያህል ውሃ፣ አንድ እፍኝ ጠጠርና ሳሙና አስገብታችሁ በኃይል ናጡት፣ አለቅልቁት። ለመጠጥ የሚሆነው ጀሪካን ጠባብ አፍ ይኑረው፣ ውሃው ይፍሰስ እንጂ በኩባያ አይጨለፍ።

መቼ ይደገም

ባክቴሪያው በዓመት ሁለት ጊዜ ይታይ፦ ክረምቱ ከገባ በኋላ ሐምሌ ውስጥ፣ እንዲሁም በበጋው ማብቂያ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚቻል ከሆነ ሐምሌን ምረጡ፤ ጥገናው የሚፈተነው ያኔ ነው። ፍሎራይድና ሌላው ኬሚካል የውሃው መጠን በሚያንስበት በሚያዝያ አካባቢ ይለካ፣ ደህና ከወጣም በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ይደገም። ናይትሬት ግን በአቅራቢያው አዲስ ሽንት ቤት ከተቆፈረ ወዲያውኑ ይታይ። የውሃው ጣዕም፣ ሽታ ወይም ቀለም በድንገት ሲለወጥ፣ በቤቱ ውስጥ ተቅማጥ ሲደጋገም፣ ጎርፍ አፉን ሲያልፍ ወይም እንስሳ ሲገባበት ወሩን አትጠብቁ፦ መቅዳት ይቁም፣ ጉድጓዱ ይቀዳ፣ አፉ በመስታወት ይታይ፣ በክሎሪን ይታጠብ፣ ከሳምንት በኋላ ናሙና ይወሰድ።